የኤርሳዶ ድምፅ

አስናቀች የሰማችው ሽንኩርት እየላጠች ሳለ ነው። ማድ ቤቱን ከሳሎኑ የሚለየው ቺፕውድ ብቻ ስለሆነ በዚያ ቤት ሹክሹክታ የሚባል ነገር የለም፤ ሳሎን ውስጥ የተነገረ ሁሉ ምድጃው ድረስ ይመጣል። የዝግጅት ኮሚቴው ሰብሳቢ አቶ በእምነት፣ ቅዳሜ ጠዋት ገና ቁርስ ሳይቀርብ፣ ከባሏ ከኤልሳዕ ጋር የከሰዓቱን የፊልም ፕሮግራም ሊጨራርስ መጥቶ ነበር። በእምነት ክፉ ሰው አይደለም። ሲናገር ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ሰው እንዳይከፋው እየተጠነቀቀ ነው። የዚያን ቀንም የተናገረው እንደዚያው ተጠንቅቆ ነበር።

«የኤርሳዶን ምስል አልነካነውም» አለ። «ፊቱ በጣም ጥሩ ነው፣ ክራንቹም በደንብ ይታያል። ያነሳነው ድምፁን ነው። በእሱ ፈንታ ጥሩ አንባቢ ፈልገን የተዘጋጀ ጽሑፍ አስነብበናል።»

ኤልሳዕ ለምን ብሎ ጠየቀ። በእምነትም አስረዳው። የኤርሳዶ አማርኛ ለአዳራሽ አይሆንም፤ ሴቱንም ወንዱንም አንድ ያደርጋል፣ ተማሪዎቹ ይስቁበታል። እሱስ ይታለፍ ቢባል፣ ስለ ሞተው ጓደኛውና ስለ መቃብሩ ያወራው ረጅም ነገር እንግዶች ባሉበት የሚቀርብ አይደለም። ዝግጅቱ ሰውን ለማበረታታት ነው እንጂ ለማስለቀስ አይደለም። ኤርሳዶ መድረክ ላይ ይቀመጣል፣ ስሙ ይጠራል፣ ይጨበጨብለታል፤ ማይክ ግን ባይሰጠው ይሻላል። አስናቀች ቢላዋውን እንደያዘች ባሏ ምን እንደሚል ጠበቀች። ኤልሳዕ «እሺ» አለ። በእምነት ሻዩን ጠጥቶ አመስግኖ ወጣ።

ኤርሳዶ የአስናቀች ታናሽ ወንድም ነው። ከሰሜኑ ጦርነት አንድ እግሩን ከጉልበቱ በታች አጥቶ ከተመለሰ ወዲህ ግቢያቸው ውስጥ ባለችው ሰርቪስ ቤት ይኖራል። ከዚያች ክፍል የሚወጣው ለሕክምናና አልፎ አልፎ ለጸሎት ነው። ስለ ግንባሩ የጠየቀው ሰው ካለ «ደህና ነበር» ይላል፤ ከዚያ በኋላ ሌላ ወሬ ያነሳል፣ ወይም ይተኛል። ኤልሳዕ ጸሐፊ የሆነበት ኮሚቴ በየወሩ ፊልም እያሳየ ሰው ያወያያል። ከዚህ በፊት ስለ ጣሊያን ወረራ ዘመን አሳይተው አዳራሹ ሞልቶ ነበር፤ አባቶቻቸው የነገሯቸውን የሚያስታውሱ ሽማግሌዎች እየተነሱ ሲናገሩ ሰው እስኪመሽ አልበተንም ብሎ ነበር። በዚህ ወር ደግሞ ከግንባር ስለተመለሱት እንዲሆን ተወሰነ። የሰርግ ቪዲዮ የምትሠራው ቤቴል ካሜራዋን ይዛ ወደ ሰርቪስ ቤቷ የመጣችው በዚህ ምክንያት ነው።

አስናቀች ያን ቀን በሩ ላይ ቁጭ ብላ ነበር። ወንድሟ እንደተለመደው ሁለት ቃል ተናግሮ ዝም ይላል ብላ ነው የጠበቀችው። ቤቴል ግን አላጣደፈችውም። ካሜራውን አቁማ፣ እጇን ጉልበቷ ላይ አጣጥፋ ጠበቀችው። እሱም ብዙ ከቆየ በኋላ ስለ ገብረአማኑኤል መናገር ጀመረ። ገብረአማኑኤል የቦዲቲ ልጅ ነው፤ ከማሠልጠኛ ጀምሮ አብረው ነበሩ። እንዴት እንደቆሰለ፣ እንዴት እንዳደረ፣ የት እንደተቀበረ፣ ሁሉንም በዚያ ወታደር ቤት በተማረው በተሰባበረ አማርኛው ተናገረ። አስናቀችም ከወንድሟ አፍ ያን ሁሉ ስትሰማ የመጀመሪያዋ ነበር። ካሜራው ሲዘጋ ፊቱን በፎጣ ጠርጎ እህቱን አንድ ነገር ለመናት፤ ለገብረአማኑኤል እናት ለፈጠነች ደውላ ለፊልሙ ቀን እንድትጠራት። እሱ ራሱ ከአንዴም ሁለቴ ሊነግራት ወደ ቦዲቲ ሄዶ፣ አጥሯ ጋ ሲደርስ እግሩ አልራመድ ብሎት ተመልሶ ነበር። «ፊት ለፊቷ አልችልም» አላት። «በፊልሙ ትስማው። እኔም እዚያው እሆናለሁ።»

ኤልሳዕ ይህን አያውቅም ነበር። በእምነት ከሄደ በኋላ አስናቀች ቁርስ ስታቀርብለት ነገረችው። እጁ ሳህኑ ላይ ቀረ። መስኮቱ የዳሞታን ተራራ ያሳያል፤ ጭጋጉ ከተራራው ወገብ አልተነሳም ነበር፤ ኤልሳዕ ወደዚያ እያየ ቆየ። ፊልሙ አልቋል አለ። ውሳኔው የኮሚቴው ነው፣ እሱ ቃለ ጉባኤ የሚጽፍ ሰው ነው፣ አሁን ልቀይር ቢል ማን ይሰማዋል? ስለ ፈጠነች መምጣት ሚስቱ ቀድማ ብትነግረው ኖሮ ሌላ ነገር ነበር አለ። አስናቀች «ፈጠነች ባትመጣስ?» አለችው። ኤልሳዕ ወደ ሳህኑ ተመለሰ። ሁለቱም በሉ፤ የቀረውን ጊዜ ስለ ሽንኩርት መወደድና ስለ ውኃው አለመምጣት አወሩ፤ ከዚያም እሱ አዳራሹን ሊያዘጋጅ ወጣ። በትዳራቸው ውስጥ ብዙ ነገር እንዲህ ነው የሚያልፈው። ተነስቶ፣ ተድበስብሶ፣ ሳህን ታጥቦ። አስናቀች ግን የዚያን ቀን የታጠበውን ሳህን መልሳ አጠበችው።

ኤርሳዶ ግቢ ውስጥ ትንሽ መስታወት ከመስኮቱ ብረት ላይ አንጠልጥሎ ጢሙን ይላጫል። ነጭ ሸሚዙን ሌሊቱን ፍራሹ ሥር አስተኝቶት ስለነበር ያለ ካውያ ተስተካክሏል። ኮሌታውን እንድታይለት ጠራት። አስናቀች ኮሌታውን አቀናች፤ ትከሻውን አራገፈች፤ አንድ ክር አገኘችና ጎትታ በጠሰችው። አሁን ልንገረው አለች በልቧ። ብነግረው አይሄድም፣ ተመልሶ ያንን በር ይዘጋል፣ ለስንት ወር እንደሚዘጋው ደግሞ እግዚአብሔር ያውቃል። ባልነግረው ሰው ሁሉ እያየ ያፍራል።

«ትመጣለች አይደል፣ አዮ ፈጠነች?» ብሎ ጠየቃት። በእነሱ ቋንቋ አዮ ማለት እናት ነው።

«እሳፈራለሁ ብላ ደውላለች» አለችው። መስታወቱን ከብረቱ አውርዳ ሰጠችው።

እኩለ ቀን ሲያልፍ ኤርሳዶን ኮሚቴው በላከው መኪና ሸኝታ፣ እሷ ወደ መናኸሪያ ወረደች። ፈጠነች ከሚኒባሱ የወረደችው መጨረሻ ላይ ነው። ቀጭን፣ ረጅም ሴት ናት። ነጠላዋ ታጥቦ ጸድቷል፤ እጇ ላይ በኮባ ቅጠል የተጠቀለለ ሙዝ ይዛለች። ባዶ እጄን አልመጣም ብላ ነው። ባጃጁ ላይ ጎን ለጎን ተቀመጡ። ሹፌሩ ስለ ቤንዚን ሰልፍ እያማረረ ከሰሞኑ ዋጋ ጨምሮ ጠየቃቸው፤ አስናቀችም ሳትከራከር ተስማማች። በወላይትኛ ነበር የሚያወሩት። ፈጠነች መጀመሪያ ስለ በቆሎው፣ ስለ ዝናቡ መዘግየት አወራች። ከዚያ ያለ ምንም መሸጋገሪያ፣ በዚያው ድምፅ፣ ሰዎች መጥተው በክብር ተሰዋ ብለው እንደነገሯት፣ የት ነው ያረፈው ብላ ስትጠይቅ አንዳቸውም እንዳላወቁ አወራች። ድንኳን ተተክሎ ተለቀሰ፣ ተዝካሩም ወጣ። ግን አንድ ቀን ገበያ ላይ አንዲት ሴት፣ እዚያ የወደቀውን የሚቀብር የለም፣ አውሬ ነው የሚበላው ስትል ሰማች። ለእሷ አልነበረም የተናገረችው፤ እንዲሁ ለጎረቤቷ ነበር። ፈጠነች ከዚያን ቀን ወዲህ በሌሊት የጅብ ድምፅ ስትሰማ ተነስታ ቁጭ ትላለች።

«ዛሬ ወንድምሽ በፊልሙ ይናገራል አልሽኝ» አለች። «አፈር መልበሱን ብቻ ብሰማ ይበቃኛል። ሌላ አልጠይቅም።»

አስናቀች በባጃጁ ጎን ወደሚያልፈው መንገድ ዞረች። አፏን ከፈተች፤ ባጃጁ ጉድጓድ ውስጥ ገብቶ ወጣ፤ ይህን መንገር የኤርሳዶ ነው ብላ ዘጋችው። አዳራሹ ቅርብ ነው፣ ደረሱ።

የአዳራሹ መስኮቶች ብርሃን እንዳያስገቡ በብርድ ልብስ ተሸፍነዋል። ፕላስቲክ ወንበሮቹ ሁሉ ተይዘው ተማሪዎች ግድግዳውን ተደግፈው ቆመዋል፤ ቦታ ላጡት ደጅ ድምፅ ማጉያ ተሰቅሏል። መድረኩ ላይ በእምነት፣ ሁለት የክብር እንግዶች፣ ኤልሳዕና ኤርሳዶ ተቀምጠዋል። የኤርሳዶ ክራንች ሰው እንዲያየው ይመስል ከጠረጴዛው ፊት ተደግፏል። ፈጠነችን ሲያያት በተቀመጠበት ጎንበስ ብሎ ሰላም አላት፤ እሷም ከወንበሯ ብድግ ብላ መለሰችለት። ፊቱ ላይ አስናቀች ከልጅነቱ ጀምሮ የምታውቀው ነገር ነበር፤ ትምህርቱን በቃሉ አጥንቶ ክፍል ፊት የሚቆም ልጅ ፊት።

መብራት ጠፋ፤ ፊልሙ ጀመረ። ሙዚቃ አለው፤ ተራራ፣ ሰንደቅ ዓላማ፣ የሚሸኙ ወጣቶች፣ የሚያለቅሱ እናቶች። ከተለያየ ቀበሌ የተመለሱ ሰዎች ተራ በተራ ታዩ። ከዚያ ኤርሳዶ ሰርቪስ ቤቷ ውስጥ፣ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ ታየ። ፈጠነች ወደፊት ተጠጋች። የኤርሳዶ ከንፈር መንቀሳቀስ ጀመረ፤ የተሰማው ግን ወፍራም፣ የሠለጠነ፣ እንደ ዜና የተነበበ የሌላ ሰው ድምፅ ነው። ድምፁ ስለ ሀገር ፍቅር ተናገረ። እግሬን ሰጥቻለሁ፣ ሁለተኛውንም ብጠየቅ አልሳሳም አለ። ምስሉ ላይ ኤርሳዶ በዚያው ሰዓት በሁለት እጁ አንድ ነገር ከመሬት ሲዝቅ፣ እንደገና ሲዝቅ ያሳያል፤ ድምፁ ግን ስለ ነገው ብሩህ ተስፋ ያወራል። አስናቀች ያንን የእጅ እንቅስቃሴ ታውቀዋለች፤ ሲቆፍር ነው። ዞር ብላ ፈጠነችን አየቻት። ፈጠነች ጆሮዋን ወደ ድምፅ ማጉያው አቅንታ፣ አንድ ቃል እንዳያመልጣት ትንፋሿን ይዛ ታዳምጣለች። ሌላ ሰው መጣ፣ ሌላም መጣ። ከዚያ መብራት በራና ጭብጨባው አዳራሹን ሞላው።

«የልጄን ስም አልሰማሁም» አለች ፈጠነች ቀስ ብላ። «ጆሮዬ ነው? አማርኛ ሲፈጥን ያመልጠኛል። ጠራው እንዴ?»

ጥፋቱን ከራሷ ጆሮ ፈለገችው። አስናቀችን ያስነሳት ይህ ነው። እሷ ሦስተኛ ክፍል ታስተምራለች፤ በልጆች ፊት ካልሆነ በቀር ቆማ የተናገረችበትን ቀን አታስታውስም። አንደኛው የክብር እንግዳ ንግግሩን ጨርሶ በእምነት ሐሳብ አስተያየት ያለው ብሎ ሲጋብዝ፣ ተራ ሳትጠብቅ ብድግ አለች። ማይክ እስኪያመጡላት አልጠበቀችም።

«እኔ የኤርሳዶ እህት ነኝ» አለች። «ሲቀረጽ በሩ ላይ ነበርኩ። አሁን የሰማነው እሱ የተናገረው አይደለም። እሱ የተናገረው አብሮት ስለነበረ ልጅ ነው። የልጁ እናት ከቦዲቲ ድረስ ያንን ልትሰማ መጥታ እዚህ ተቀምጣለች። የራሱ ድምፅ ይሰማልን።»

አዳራሹ አጉረመረመ። በእምነት በዚያ ለስላሳ ድምፁ እህታችንን እናመሰግናለን አለ፤ በጊዜ እጥረት አንዳንድ ክፍሎች ማጠር ነበረባቸው፣ አስተያየቷ ለወደፊቱ ግብዓት ይሆናል፣ አሁን ግን ሰዓት ስለሚገድበን ወደሚቀጥለው እንለፍ አለ። አስናቀች ባሏን አየችው። ኤልሳዕ ፊቱ ያለውን የውኃ ፕላስቲክ ክዳን ያጠብቃል፤ ያላላል፤ መልሶ ያጠብቃል። ኤርሳዶ ግን ፈጠነችን ነበር የሚያየው። ከዚያ እጁን ዘርግቶ ክራንቹን ከጠረጴዛው ፊት አነሳ፤ ቆመ። በእምነት ትከሻውን ሊነካ እጁን ሰደደ፤ አልደረሰበትም። ከመድረኩ በጎን ባሉት ደረጃዎች አንድ በአንድ ወረደ፤ አዳራሹ ውስጥ የክራንቹ ጎማ ሲሚንቶውን ሲረግጥ ብቻ ይሰማ ነበር። በሩን ገፍቶ ወጣ። አስናቀችም የፈጠነችን ክንድ ይዛ ተከተለችው።

ደጅ ባለው የአቮካዶ ዛፍ ሥር አግዳሚ ወንበር አለ፤ ኤርሳዶ እዚያ ደርሶ ተቀምጦ አገኙት። ነጩ ሸሚዙ ጀርባው ላይ በላብ ተጣብቋል። ሴቶቹ ሲቀርቡ ቀና አላለም። አስናቀች ይቅርታ ልትለው ፈለገች፤ ጠዋት ሰምቼ ነበር ልትለው። ከጎኑ ብቻ ተቀመጠች። ከኋላቸው እየሮጠች የመጣችው ቤቴል ናት። ስልኳን እንደያዘች ትንፋሿ ተቆራርጦባት፣ ቁረጪ ሲሏት እንደቆረጠች፣ ሙሉውን ግን እንዳላጠፋችው ተናገረች። ሁሉም እዚህ አለ፣ አሁን ላሰማቸው አለች። ስልኩን ለፈጠነች ዘረጋችላት።

ፈጠነች ስልኩን አልተቀበለችም። የቤቴልን እጅ በሁለት እጇ ይዛ ቀስ አድርጋ መለሰችው።

«ተይው ልጄ» አለች በወላይትኛ፤ አስናቀች ለቤቴል ተረጎመችላት። «ሰውየው ራሱ እዚህ ተቀምጦ የለም?»

ከዚያ ኤርሳዶ ፊት መሬት ላይ ተቀመጠች። ነይ ከወንበሩ ቢሏትም አልሰማችም። ሙዙን ከጎኗ አኖረች። ድምፅ ማጉያው ከራሳቸው በላይ የሁለተኛውን እንግዳ ንግግር ያስተላልፋል፤ ስለ ጀግንነት ይናገራል። ኤርሳዶ ክራንቹን ከአንድ እጁ ወደ ሌላው አዛወረ። አስናቀች አሁንም ሊያቅተው ነው፣ ያ የቦዲቲ አጥር እዚህም ተከተለው ብላ ፈራች። ፈጠነች ግን ጠበቀችው። ከዚያም እንዲቀለው ይመስል፣ ጥያቄውን አሳጥራ ጠየቀችው።

«ተቀብሯል?»

«ተቀብሯል» አለ ኤርሳዶ። «እኔ ነኝ የቀበርኩት፣ አዮ።»

በራሱ ቋንቋ ሲናገር ኤርሳዶ ሌላ ሰው ነው፤ አይሰናከልም፣ ቃል አይፈልግም። ገብረአማኑኤል ሆዱ ላይ እንደተመታ፣ ተሸክሞት ከአንድ ደረቅ ወንዝ ዳር እንዳደረሰው ነገራት። መኪና ይመጣል ተብለው ነበር፤ አልመጣም። ሌሊቱን አብረው አደሩ። ውኃ ሲጠይቀው የነበረውን ሰጠው፤ ሲያልቅ ጨርቅ አርጥቦ ከንፈሩን አበሰለት። ስለ ቤታቸው አወራ። ስለ አንዲት ላም አወራ፤ ስሟንም ጠራ። ፈጠነች ራሷን ነቀነቀች፤ ላሚቱን ታውቃታለች። ሊነጋ ሲል ውኃ መጠየቁን ተወ። ኤርሳዶ በሳንጃና በምግብ ሳህን ቆፈረ፤ በኋላም በእጁ። መሬቱ ድንጋያማ ስለነበር ጥልቅ ማድረግ አልቻለም፤ ስለዚህ ከላይ ድንጋይ ደራርቦ ከመረበት፣ አውሬ እንዳያነሳው። ካፖርቱን አውልቆ ፊቱን ሸፈነለት።

«ለምን ፊቱን?» አለች ፈጠነች።

«አፈሩ እንዳይነካው። ፊቱ ላይ አፈር መመለስ አልሆነልኝም።»

ከዚያም አንገቱን ደፍቶ አንድ ነገር ጨመረ። ማተቡን እንዳልፈታው፣ እንዳለ እንደቀበረው ነገራት። ጸሎቱን ግን እሱ በፕሮቴስታንት ቤተ ክርስቲያኑ እንደሚያውቀው ነው ያደረሰው፤ የእነሱን ሥርዓት አያውቅም፣ ቄስ አልነበረም፣ ይህ እስከዛሬ እየከነከነው ነው።

ፈጠነች እጇን ዘርግታ ጉልበቱን ያዘችው፤ የተቆረጠውን እግር ጉልበት። «በየትኛው ቋንቋ ጸለይክለት?» አለችው።

«በእኛው። በአማርኛ አልመጣልኝም።»

«እንግዲያስ ሰምቶታል» አለች።

ለቅሶዋ ወዲያው አልመጣም። መጀመሪያ ነጠላዋን አውርዳ ጥለቱን ወደ ላይ አዙራ ለበሰችው፤ እንደ አዲስ ሐዘንተኛ። ከዚያ ልጇን በስሙ ጠራችው። አንድ ጊዜ ዝቅ አድርጋ፣ ከዚያ ከፍ አድርጋ፣ ከዚያ በቦዲቲ በኩል ያለው አገር ሁሉ እንዲሰማ ይመስል። አስናቀች አብራት መሬት ላይ ተቀመጠች። ግቢው በር ላይ ሙዝና ቆሎ የሚሸጡት ሴቶች ዕቃቸውን ትተው መጡ፤ ማን እንደሞተ ሳይጠይቁ ነጠላቸውን አዙረው ተቀመጡ። ከአዳራሹ በር አጠገብ ቆመው የነበሩት መጀመሪያ አንገታቸውን አወጡ፤ ቀጥሎ ወጡ፤ ከእነሱ ኋላ ደግሞ ሌሎች። የምታለቅስ እናት እያለች ወንበር ላይ መቀመጥ በዚያ አገር ነውር ነው። ሽማግሌዎቹ ኮፍያቸውን አውልቀው በአንድ ወገን ቆሙ፤ ተማሪዎቹ ስልካቸውን ኪሳቸው ከተቱ። ድምፅ ማጉያው ለጥቂት ጊዜ ለባዶ ወንበሮች ሲናገር ቆየ፤ ከዚያ መሐል ላይ ተቋረጠ።

ኤልሳዕ በሩ ላይ ብቅ አለ። አስናቀችን አያት፤ እሷም አየችው። በመካከላቸው ጠዋት ያልተነገረው ሁሉ ነበር፤ አሁንም አልተነገረም፤ ምናልባት ማታ ይነገር ይሆናል፣ ወይም ጨርሶ አይነገር ይሆናል። ከወንዶቹ ጋር አልቆመም። ሰው እያቋረጠ መጥቶ ከኤርሳዶ ጎን፣ ከአግዳሚው ሥር፣ ሱፉን ሳይሰበስብ አፈሩ ላይ ተቀመጠ። በእምነት ራቅ ብሎ ቆሞ፣ እጁን ወደኋላ አጣምሮ፣ አንገቱን ደፍቶ ነበር።

ፈጠነች ሲወጣላት ፊቷን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገች። ዙሪያዋን ስታይ የተሰበሰበውን ሰው ገና ያየችው አሁን ነው። ቀስ ብላ ሁሉንም አየቻቸው፤ ከዚያ ወደ ኤርሳዶ ዞረች።

«እንደገና ንገረኝ» አለችው። «ከመጀመሪያው። ሰውም ይስማ።»

ኤርሳዶ ክራንቹን ይዞ ቆመ። ኤልሳዕ ከታች ክንዱን ደገፈለት። ጉሮሮውን ጠረገና በራሱ ቋንቋ፣ ከቅድሙ ከፍ ባለ ድምፅ፣ የልጁን ስም ከነአባቱ ጠርቶ ጀመረ።